ሕግ ከሩቅ ሲመጣ፦ የአገሮች የፍትሕ ትብብር ለዋጫ ሙስሊም ምን አመጣለት?



ዋጫ ላይ አንድ አባወራ ሞቱ እንበል። በጨና ወረዳዋ ዋና ከተማ አንድ ቤትና ሱቅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የቡና ማሳ አላቸው። ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ትተዋል፤ አንደኛው ወንድ ልጅ የሚሠራው ጅዳ ነው። ጃናዛው ተቀብሮ ሐዘንተኛው ከተሸኘ በኋላ ቤተሰቡ ስለ ውርሱ ሊነጋገር ይቀመጣል። ታላቅ ወንድም «በሸሪዓ እንካፈል» ይላል። ታናሽ እህት ዝም ትላለች። ጥቂት ቆይታ ግን «እኔ የምሄደው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው» ትላለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

እንዲህ ማለት ትችላለች? ወንድሟስ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሶ ሊያስጠራት ይችላል? መልሱን የያዘው ሕግ ዋጫ አልተጻፈም፤ ቦንጋም አልተጻፈም። ታሪኩ ሲጎረጎር ፓሪስ፣ ጄኔቫና ለንደን ይደርሳል። «አገሮች በሕግና በፍትሕ ማሻሻያ ለመተባበር ተስማሙ» የሚል ዜና ስናይ ብዙዎቻችን የሆቴል አዳራሽና የፊርማ ፎቶ ነው ብለን እናልፈዋለን። እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን ማየት የፈለግነው፣ የእንዲህ ዓይነቱ ትብብር ፍሬ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በኒካሃችን፣ በፍቺያችንና በውርሳችን ላይ ስለሆነ ነው።

ሕግን ከውጭ ማምጣት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ለዘመናት የነገሥታቱ ሕግ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥት መሠረቱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑል ዐሳል የተባለ ግብጻዊ ክርስቲያን በዐረብኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ ነው፤ በኋላ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። የሚገርመው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ክፍሉ ከእስላማዊ ፊቅህ መጻሕፍት የወሰደው እንዳለ የሕግ ታሪክ ተመራማሪዎች ማሳየታቸው ነው። «የእነሱ» እና «የኛ» የምንለው ሕግ ድንበሩ ከምናስበው በላይ ስስ ነው።

በዘመናዊው ታሪክ ትብብሩ በስምምነት መልክ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት እንግሊዛውያን አማካሪዎችና ዳኞች እንዲመጡ በር ከፈተ። በዚያው ዓመት የፍርድ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ የሙስሊም ቃዲዎች ፍርድ ቤቶችን የሚመለከት አዋጅም ተከተለ። ይኸኛው ብዙም ሳይቆይ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ተተካ። የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች የሚባሉት በመንግሥት ሕግ የታወቁት በዚህ አዋጅ ነው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታና የሙስሊም ውርስ በእነሱ ይታዩ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የሕግ ኮሚሽን አቋቁመው የውጭ ሊቃውንትን አስመጡ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን አረቀቁ፤ በ1949 ዓ.ም. ወጣ። የንግድ ሕጉን ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀመሩት፤ እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ደግሞ የፓሪሱ ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በ1952 ዓ.ም. ጸደቀ። 3367 አንቀጾች አሉት። አብዛኛው ክፍሉ ዛሬም ይሠራል። የቤት ሽያጭ ውል የተፈራረመ ሁሉ፣ ስማቸውን ሰምቶ ባያውቅም፣ ከዳቪድ ጋር ተዋውሏል።

ሥራው በሙያው ሲታይ ትልቅ ነው፤ ይህን አንክድም። ችግሩ ያለው በአንድ አንቀጽ ላይ ነው። አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ቀድሞ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ሕግ ሁሉ ተክቼዋለሁ ይላል። ኒካህ እንደ ሃይማኖታዊ ጋብቻ እውቅና አገኘ፤ ውጤቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። ስለ ሙስሊሞች ቤተሰብና ውርስ የተለየ ክፍል አልተቀመጠም። በወረቀት ላይ ካየነው ቃዲው የሚፈርድበት ሕግ ተሽሯል። በተግባር ግን ሰው ወደ ቃዲው መሄዱን አላቆመም፤ የ1936ቱም አዋጅ በግልጽ አልተሻረም። ስለዚህ ከ30 ዓመት በላይ ፍርድ ቤቱ ቆሞ፣ የሚፈርድበት ሕግ ግን እያከራከረ ኖረ።

በዚያው ዘመን በግብጽ የሆነውን ማነጻጸር ይጠቅማል። ዐብዱረዛቅ አስ‑ሰንሁሪ የግብጽን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲያረቅቁ የፈረንሳይ መምህራቸውን ኤድዋርድ ላምቤርን አማክረዋል፤ ትብብሩ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን እስክሪብቶው በአገሩ ሰው እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ያ ሕግ፣ ዳኛው በሕጉም ሆነ በልማድ መልስ ሲያጣ ወደ እስላማዊ ሸሪዓ መርሆዎች እንዲመለከት ያዛል። ሰንሁሪ ኋላ የኢራቅንም አረቀቁ። ታሪክ ግን አስገራሚ ነው፤ ግብጽ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቿን እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣ ሕግ ዘግታ ሥራቸውን ለመደበኛ ፍርድ ቤቶች ስትሰጥ፣ የኛዎቹ በ3347 ተሽረው ሳለ ክፍት ሆነው ቀጠሉ።

ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። የዛሬውን መልስ የሚሰጠው በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታው የተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። አንቀጽ 78 ደግሞ እነዚህን ፍርድ ቤቶች የማቋቋም ወይም እውቅና የመስጠት ሥልጣንን ለፌዴራሉ ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ሰጠ። ከዚያ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188 ወጣና የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት እርከን አደራጀ፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ነው የሚሄዱት። ካፋም ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው። ይሁን እንጂ የፌዴራሉ አዋጅ መርህ ሕገ መንግሥታዊ ስለሆነ የትም ቢሆን ይሠራል።

አዋጁ ስለ ፈቃድ የሚለውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር እናድርገው። ከሳሹ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲያመለክት ተከሳሹ መጥሪያ ይደርሰዋል፤ በሸሪዓ ለመዳኘት ይፈቅድ እንደሆነም ይጠየቃል። በግልጽ ካልፈቀደ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መላክ አለበት። ከፈቀደ በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ወደ መደበኛው ልዙር ማለት አይችልም፤ በመደበኛው የተጀመረም ወደ ሸሪዓ አይዞርም። ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። «አልፈልግም» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው በሕግ ዓይን «እሺ» ብሏል። መቃወም የፈለገ ሄዶ ነው የሚቃወመው፤ ቢቻልም በጽሑፍ።

ይህ በተግባር የተፈተነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤት ውርስ የተከሰሱ ሰዎች በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደማይፈልጉ ቢያሳውቁም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ ወሰነ። ይግባኙም፣ ሰበሩም ውሳኔውን አልለወጡትም። በመጨረሻ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ሆኖ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የተሰጠ ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። ስለዚህ የዋጫዋ እህት መብት አላት። ወንድምየውም ጥያቄውን የማቅረብ መብት አለው፤ የማስገደድ ግን የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። አማኝ የአላህን ክፍፍል መቀበል እንዳለበት እናውቃለን፤ የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ መሆኑ፣ ሟች ልጆች ካሉት ደግሞ የሚስት ድርሻ ስምንተኛ መሆኑ በሱረቱ‑ኒሳእ የተደነገገ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወንድና ሴት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ሚስት ግን ኑዛዜ ከሌለ ወራሽ አይደለችም፤ የምትወስደው የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው። ታዲያ እህት ከሸሪዓ ስትሸሽ ሁልጊዜ ከአላህ ሕግ እየሸሸች ነው? አይመስለንም። በገጠር ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ሙሉውንም ግማሹንም አታገኝም፤ «አግብታ ወጥታለች» ተብላ ባዶ እጇን ትቀራለች። «በሸሪዓ እንካፈል» የሚለው ወንድም ድርሻዋን ቆጥሮ ሊሰጣት እንደተዘጋጀ እንዴት ታውቃለች? ቃዲው ፊት ብትቀርብ ከሽማግሌው ሸንጎ የተሻለ እንደምታገኝ የነገራት ሰው አለ? የፈቃድ ጉዳይ ከእውቀት ተለይቶ አይታይም። ሳታውቅ የፈቀደችም፣ ሳታውቅ እምቢ ያለችም ሁለቱም ተጎድተዋል።

(የቡና ማሳውን አልረሳነውም። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚመራው በመሬት አስተዳደር ሕግ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ስለዚህ ቤቱ፣ ሱቁና ማሳው በአንድ መዝገብ ያልቃሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም።)

አሁን ወደ ቅርቡ ትብብር እንምጣ። ባለፉት ሃያ ዓመታት የፍትሕ ሥርዓታችንን ለማሻሻል ብዙ አገሮች እጃቸውን አስገብተዋል። ካናዳ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አስተዳደርና መዝገብ አያያዝ በማዘመኑ ሥራ ተሳትፋለች። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፍትሕ ሥርዓቱ ሁሉን አቀፍ ጥናት በአንድ የኔዘርላንድ የሕግ ትብብር ማዕከል ተሳትፎ የተሠራ ነው። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሕግና ፍትሕ አማካሪ ጉባኤ ተቋቁሞ የሕግ ማሻሻያው ተፋጠነ። የሲቪል ማኅበራት አዋጁ፣ አዲሱ የሽብር ወንጀል አዋጅ፣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234፣ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ ሁሉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጡ። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ በሙስሊሙ ላይ ያደረሰውን የሚያስታውስ ሰው የአዲሱን ትርጉም አያጣውም። በአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብ የሚሠራ «ፍትሕ» የተባለ ፕሮጀክትም ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ይሠራ ነበር። አሜሪካ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም፣ በሰው ገንዘብ የቆመ የፍትሕ ሥራ ምን ያህል በሰው ውሳኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ሁሉም አየ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥልጠናውም ገንዘቡም በአብዛኛው ያረፈው በመደበኛ ፍርድ ቤቶችና በዐቃቤ ሕግ ላይ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት መሠረታዊ ሕጉ እስላማዊ ቢሆንም የሚመራበት ሥነ ሥርዓት የመንግሥት ነው፤ ማለትም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። ቃዲው ፊቅህን ጠንቅቆ ቢያውቅ እንኳ መጥሪያ እንዴት እንደሚደርስ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ፍርድ እንዴት እንደሚጻፍ ካልሠለጠነ ፍርዱ በይግባኝ ይፈርሳል። በኛ እምነት ትብብር በጣም የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ሊሆን እንደሚችል ማሳያው ኢንዶኔዥያ ናት። እዚያ የሙስሊሞችን ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ የሚያዩ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥር ሆነዋል። እነዚህ ፍርድ ቤቶች ከአውስትራሊያ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ጋር ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ጥናት አደረጉ። የአውስትራሊያ ዳኞች የመጡት ፊቅህ ሊያስተምሩ አይደለም፤ የፈረንሳይ ሊቅ እንዳደረገው ሕግ ሊጽፉም አይደለም። የተጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ያልደረሰው ማን ጋ ነው? መልሱ ድሃ ሴቶች ጋ ሆኖ ተገኘ። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ሴቶች በሕግ የተመዘገበ ጋብቻም ሆነ የፍቺ ወረቀት አልነበራቸውም፤ በዚህ የተነሳ ልጆቻቸው የልደት ምስክር ወረቀት ያጡ ነበር። ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄዱ ያደረጋቸው የፍርዱ ዓይነት ሳይሆን የዳኝነት ክፍያውና የመንገዱ ወጪ ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለድሆች ክፍያ እንዲቀርና ተዘዋዋሪ ችሎት በየመንደሩ እንዲያስችል በጀቱን ከፍ አደረገ።

ተዘዋዋሪ ችሎት ለኛም እንግዳ ቃል አይደለም። ከጨና ገጠር ቀበሌ ተነስታ ለአንድ ቀጠሮ ዋጫ፣ ለይግባኝ ደግሞ ቦንጋ የምትመላለስ ሴት የምታወጣው የመኪና ገንዘብና የምታጣው የገበያ ቀን ከምትከራከርበት ድርሻ ሊበልጥ ይችላል። ኬንያም ቅርብ ናት። የእ.ኤ.አ. 2010 ሕገ መንግሥቷ የቃዲ ፍርድ ቤቶችን የዳኝነት አካሏ ክፍል አድርጎ፣ ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በፍቺና በውርስ ወስኖ፣ ተከራካሪዎቹ ሙስሊም ሆነው ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ከተገዙ ብቻ እንዲያዩ ያደርጋል። ከኛ ጋር በጣም ይቀራረባል። የኛ ቃዲዎችና የናይሮቢ ቃዲዎች ልምድ ቢለዋወጡ ማንም አይከስርም። ጠቅላይ ምክር ቤቱ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በስሙ ማቅረብ የሚያግደው ነገር አይታየንም።

ጅዳ ያለውን ልጅ በተመለከተ ትብብሩ ሌላ መልክ አለው። ሳዑዲ ፍርድ ቤት የተሰጠ የፍቺ ወይም የውርስ ፍርድ እዚህ በቀጥታ አይፈጸምም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 የተደነገገውን ማለፍ አለበት፤ ጥያቄው የሚቀርበውም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ዋና ዋናዎቹ መስፈርቶች እነዚህ ናቸው፤ ያ አገር የኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ፣ የፈረደው ፍርድ ቤት በአግባቡ የተቋቋመ መሆኑ፣ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ እንዲከራከር ዕድል ማግኘቱ፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑና ከአገራችን የሕዝብ ሞራልና ጸጥታ ጋር አለመጋጨቱ። የመጀመሪያው መስፈርት ብቻ ብዙ ሰው ያሰናክላል፤ ምክንያቱም የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ጉዳይ እንጂ የባለጉዳዩ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የተቀበለችው የኒውዮርክ ስምምነት የሚያግዘው በግልግል ዳኝነት የተሰጠን ውሳኔ ለማስፈጸም ነው፤ የነጋዴ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ውጭ ሠራተኛ ለመላክ የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖር በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 923 ተደንግጓል። ለፍርድና ለቤተሰብ ሰነድም እንዲሁ ይደረግ ብሎ መጠየቅ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር ካለን ግንኙነት አንጻር ትርፍ ጥያቄ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንያዝ። ኒካህ የሚያስሩ ወንድሞች የሙሽሮቹን፣ የወሊዩንና የምስክሮቹን ስም፣ የመህሩን መጠንና ቀኑን በጽሑፍ ይያዙ፤ ጋብቻውም በቀበሌ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገ ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ጅዳ ያለው ልጅ የውክልናና የፍርድ ወረቀቱን እዚያው በኢትዮጵያ ቆንስላ ያረጋግጥ፤ በዐረብኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ ያስተርጉም። መጥሪያ የደረሳት እህት ደግሞ፣ ከየትኛውም ፍርድ ቤት ይሁን፣ በቀጠሮው ቀን ትቅረብ፤ ፈቃዷን ስትጠየቅም ከመመለሷ በፊት በሁለቱም ሕግ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ የሚያሰላላት ሰው ትያዝ።